ዲሲና አካባቢው ለማንም ሰው ክፍት የሆነ የሳይንስ ንግግር የት ይገኛል?

የፊዚክስ መምህር

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሳስተምር ቆይቼ ዲቪ ደረሰኝና ከነቤተሰቤ መጣሁ፤ አሁን ዲሲ መሃል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ እሠራለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ኪራዩም ሌላውም ይሸፈናል። የጎደለኝ ስለ ሳይንስ አብሮኝ የሚያወራ ሰው ነው። ሲመሽ መኪናቸውን እኛ ጋ አቁመው፣ የስም ካርድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወደ ስብሰባ የሚሄዱ ሰዎች አያለሁ። አንዳንዴ የያዙትን ወረቀት አየት አደርጋለሁ፤ አንዱ ስለ አየር ንብረት፣ ሌላው ስለ ሳተላይት ነው። ገብቼ ከኋላ ብቀመጥ ደስ ባለኝ፤ ግን ለማን እንደተጠራ አላውቅም።

የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ። ዩኒቨርሲቲ ያልተመዘገበ፣ የመሥሪያ ቤት ካርድ የሌለው ሰው ገብቶ የሚያዳምጠው ንግግር አለ ወይ? ይከፈልበታል? ልጅ ይዞ መግባትስ ይቻላል? ዓርብና ቅዳሜ ማታ ሥራ የለኝም።

ልጄ 10 ዓመቱ ነው። እሱን ወደዚህ ነገር የሳበው ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የነበረው የፀሐይ ግርዶሽ ነው። ትምህርት ቤት በኮሮና ምክንያት ተዘግቶ ስለነበር የሰፈሩን ልጆች ግቢያችን ሰበሰብኳቸው። ጨረቃ ያን ቀን ከመሬት ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አልቻለችም፤ ላሊበላ ላይ ዙሪያዋን የብርሃን ቀለበት ቀረ። ደሴ ላይ ቀለበቱ ባይሞላልንም ፀሐይ ቀጥና ማጭድ የመሰለ ቅርጽ ይዛ ነበር። ካርቶን በመርፌ በስቼ ብርሃኑን ግድግዳ ላይ አሳየኋቸው። ከዚያ አንዷ ልጅ "መሬቱን እዩት!" ብላ ጮኸች። ከዛፉ ሥር፣ በቅጠሎቹ መሃል ሾልኮ አፈሩ ላይ ያረፈው ብርሃን ሁሉ ትንንሽ ማጭድ ሆኗል። በቅጠልና በቅጠል መሃል ያለችው እያንዳንዷ ክፍተት የራሷን ፀሐይ መሬት ላይ ትሥላለች። ልጄ ገና ሕፃን ነበር፤ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ በጣቱ ሲነካቸው ትዝ ይለኛል። እዚህ ከመጣን ወዲህ ግን እኔ ሥራ፣ እሱ ስልክ ላይ ሆንን። እንዲህ ያለ ነገር እንደገና ከሰው ጋር ሆኖ እንዲያይ እፈልጋለሁ።

የታኮማዋ

መምህር፣ እንኳን ደህና መጡ። እኔ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ፤ ቤቴ ታኮማ ፓርክ ነው። ልጆቼ ትንንሽ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ያለውን አዳራሽ ስዞር ኖሬአለሁ። ልጆቼ አድገው ወጥተዋል፣ እኔ ግን አልተውኩትም።

ዓርብ ማታ ሥራ ከሌለዎት መጀመሪያ የምልክዎት የዋሽንግተን ፍልስፍና ማኅበር ጋ ነው። ስሙ አያሳስትዎ፣ የሚነገረው ሳይንስ ነው። የተመሠረተው በ1871 ሲሆን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ሄንሪ ነበር፤ ያ እርስዎ ለተማሪ የኢንዳክታንስ መለኪያ ብለው ያስተማሩት ሄንሪ። የስሚዝሶኒያንም የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ እሱ ነው። የሚሰበሰቡት ፍሎሪዳ አቬኑ ላይ ከኮስሞስ ክለብ ጋር በተያያዘው ፓወል አዳራሽ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሬድ ላይን ይዘው ሳይቀይሩ ዱፖንት ሰርክል ይወርዳሉ፣ ከዚያ በእግር ጥቂት ነው። ንግግሩ በፈረንጅ ሰዓት ማታ 8 ላይ ይጀምራል። በየሳምንቱ ስለማይሆንና በዚህ አገር በጋ ወራት ስለሚያርፉ ድረ ገጻቸውን አይተው ይሂዱ። መግቢያው ነፃ ነው። በሩ ላይ "አንተ ማን ነህ?" የሚል የለም።

አንድ የምወድላቸው ነገር አለ። ተናጋሪው ከመጀመሩ በፊት የማኅበሩ ጸሐፊ ተነስቶ ያለፈውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያነባል። ልክ እንደ እድር! ማን ምን እንደተናገረ፣ ከአዳራሹ ምን ተጠየቀ፣ ምን ተመለሰ፣ ሁሉም ይነበባል። ያለፈውን ያልሰማ ሰው ፍሬ ነገሩን በጥቂት ደቂቃ ያገኛል። ማኅበሩ ይህን ሲያደርግ የኖረ ስለሆነ ያ ቃለ ጉባኤ ራሱ ታሪክ ነው። ከንግግሩ በኋላ የጥያቄ ሰዓት አለ፤ አያጥርም፣ አይቸኮልም። ከዚያ ደግሞ የሚቀመስ ነገር እየያዙ ቆመው ያወራሉ። ለጾም ለሚጠነቀቅ ሰው ቀኑ ዓርብ ስለሆነ ቤትዎ በልተው ይሂዱ።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ ያሉትን አልተቀበልኩትም። ፊት ይቀመጡ፤ ከቤት ሲወጡ ደግሞ አንድ ጥያቄ በወረቀት ጽፈው ይያዙ። ንግግሩ ውስጥ መልሱን ካገኙት እሰየው፤ ካላገኙት እጅዎን ያውጡ። ለምን እንዲህ እንደምል ምክንያት አለኝ።

እኔ ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት አዳማ ጤና ጣቢያ ውስጥ የደም ስላይድ ሳነብ ነው የኖርኩት። የወባ ወቅት ሲሆን ከማይክሮስኮፕ ቀና የሚባልበት ጊዜ አልነበረም። እኛ ጋ ፋልሲፓረምም ቫይቫክስም የሚባሉት የወባ ዓይነቶች አሉ፤ ሁለቱን ለይቶ መጻፍ ሥራዬ ነበር። አንድ ማታ እዚህ ዲሲ ስለ ወባ የተዘጋጀ ንግግር ላይ ሄድኩ። ተናጋሪው በጣም አዋቂ ሰው ነው። ቫይቫክስ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ለመግባት ደፊ የሚባለውን ፕሮቲን እንደሚፈልግ፣ በምዕራብ አፍሪካ ብዙው ሰው ይህ ፕሮቲን በቀይ የደም ሴሉ ላይ ስለሌለው ቫይቫክስ እዚያ እንደማይበዛ አስረዳ። ስለ አፍሪካ በጅምላ ነበር የሚናገረው። ጥያቄ ሲባል ተነሳሁ። "እኔ ኢትዮጵያ ውስጥ ቫይቫክስ በየቀኑ በዓይኔ ሳይ ኖሬአለሁ። ለኢትዮጵያ ምን ይላሉ?" አልኩት። ሰውየው ዝም ብሎ አላለፈኝም። ኢትዮጵያ ውስጥ ደፊ ያለውም የሌለውም ሕዝብ ጎን ለጎን እንደሚኖር፣ ከዚያም አልፎ ደፊ በሌለው ሰው ላይ ቫይቫክስ መገኘቱን፣ ይህም ተመራማሪዎችን እንዳነጋገረ ሰፋ አድርጎ አብራራ። ስንጨርስ ወደ እኔ መጣና በወፍራም ጠብታ ነበር ወይስ በቀጭን የምታነቡት፣ በቀን ስንት ስላይድ ይደርሳችሁ ነበር፣ ሪኤጀንት ሲያልቅ ምን ታደርጉ ነበር እያለ ጠየቀኝ። ጠባቂው መብራት ሊያጠፋ እስኪመጣ ድረስ ቆመን አወራን።

መምህር፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ዲግሪ የያዘ ሞልቷል። ስላይዱን በእጇ ያዘጋጀች ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። እርስዎም ክፍሉን ሙሉ ተማሪ ይዘው ያለ ላቦራቶሪ ኦፕቲክስ ያስተማሩ ሰው ነዎት። ይህ ቀላል ዕውቀት አይደለም።

ለልጅዎ ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ማዕከል ይሻለዋል። ግሎቨር ሮድ ላይ ነው። ውስጡ ትንሽ ፕላኔተሪየም፣ የሰማይን ምስል ጣሪያ ላይ የሚያሳይ ክፍል፣ አለ፤ በመላው የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ፕላኔተሪየም ያለው እዚያ ብቻ ነው፣ ገንዘብም አይጠየቅበትም። ከኤፕሪል እስከ ኖቬምበር ደግሞ በወር አንድ ቅዳሜ ማታ የሥነ ፈለክ አፍቃሪዎች ማኅበር አባላት እዚያው ፓርክ ሜዳ ላይ የራሳቸውን ቴሌስኮፕ ተክለው ያሳያሉ።

የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምንም አይርሱ። በ2010 የተከፈተው የሰው ዘር አመጣጥ አዳራሽ ውስጥ የድንቅነሽ ዝርያ ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር ተሠርቶ ይታያል። እርስዎ የደሴ ሰው ነዎት፤ ድንቅነሽ የተገኘችበት ሐዳር ማለት በባቲ ቁልቁል ወደ አፋር ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ልጅዎ ያንን ከእርስዎ አፍ ይስማ። በ1974 እንደተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሆናት፣ ዋናው አጽም አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም እንዳለ ይንገሩት። አንዳንድ ቀን ተመራማሪዎች እዚሁ የዲሲው ሙዚየም ውስጥ ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠው ከጎብኚ ጋር ያወራሉ፤ ጥያቄ ለያዘ ልጅ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ኮሌጅ ፓርክ ተማሪ

ጋሼ፣ እኔ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው። እትዬ ለእኔ የተዉልኝ መሰለኝ፣ የእኛን ኦብዘርቫቶሪ አልጠቀሱም። ሜትዘሮት ሮድ ላይ ነው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ቅርብ ነው። በየወሩ በ5 እና በ20 ቀን ለሕዝብ ክፍት ይሆናል፤ ቀኑ ማክሰኞም ይዋል እሑድ አይቀየርም። ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ማታ 8 ሰዓት፣ በሌላው ወር 9 ሰዓት (የፈረንጅ ነው) ይጀመራል። መጀመሪያ አጠር ያለ ንግግር አለ፣ ከዚያ ሰማዩ ከጠራ በቴሌስኮፕ ይታያል። ቢደምንም ንግግሩ አይቀርም። ነፃ ነው፣ ልጅም ይገባል፣ እንዲያውም ብዙው ሰው ልጅ ይዞ ነው የሚመጣው።

ለልጅዎ አንድ የቤት ሥራ ልስጠው። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ስም እንዲያወጣ ሰጥቶ ነበር። የኢትዮጵያ ኮከብ "ቡና" ተባለች፣ እሷን የሚዞራት ፕላኔት ደግሞ "አቦል"። ይህ ቀልድ አይደለም፣ መዝገብ ላይ ያለ ስም ነው። ያለችው አንድሮሜዳ የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው፤ በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ርቀቷ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይጠጋል። በዓይን ብቻ አትታይም፣ በትንሽ ቴሌስኮፕ ግን ትታያለች። አቦል ራሱ አይታይም። ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ ክብደት ስላለው ሲዞር ኮከቧን ወዲያና ወዲህ ይጎትታታል፤ ተመራማሪዎች የኮከቧ ብርሃን በዚያ ምክንያት በጥቂቱ ወደ ቀይና ወደ ሰማያዊ ሲንሸራተት ለክተው ነው ያወቁት። ዶፕለርን ለእርስዎ ማስረዳት አይገባኝም።

የመዝገብ ቁጥሯ ኤችዲ 16175 ነው። ቴሌስኮፑ ጋ ያለው ሰው "ቡና" ብትሉት ላያውቃት ይችላል፤ ቁጥሩን ጽፋችሁ ስጡት። ሌላ ሰው ወረፋ ላይ ካልበዛ ይፈልግላችኋል። አንድሮሜዳ ኖቬምበርና ዲሴምበር ማታ ከአናት በላይ ናት፣ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም።

የማታ ሾፌር

እኔ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ፣ ቅር አይበላችሁ። ሊፍትና ኡበር ነው የምሠራው፣ በቀን ረጅም ሰዓት መኪና ውስጥ ነኝ። ስለ ጥቁር ጉድጓድም ስለ አንጎልም በዩቱብ እየሰማሁ ነው የምነዳው። አሁን እህታችን የጠቀሱት የዓርቡ ማኅበር ራሱ ንግግሩን ዩቱብ ላይ ይለቃል፣ አይቼዋለሁ። አንድ ማታ ሥራ ትቶ ዲሲ መሄድ ማለት የዚያን ማታ ገቢ መተው ነው፣ ፓርኪንግ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። ቤተሰብ ላለው ሰው በጆሮ መስማቱ አይበቃም ወይ? በተለይ እንደ እኔ እንግሊዝኛው ሲፈጥንበት አቁሞ መልሶ ማዳመጥ ለሚፈልግ ሰው።

የታኮማዋ

ወንድሜ፣ ምንም ቅር የሚያሰኝ የለውም። የማታ ገቢ መተው ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አቁሞ መልሶ ማዳመጡም ትልቅ ጥቅም ነው፤ እኔም ከሄድኩበት ስመለስ ያልገባኝን ደግሜ በቪዲዮ አየዋለሁ። ሁለቱን አላጣላቸውም።

ግን ቪዲዮ ላይ የማያገኙት አንድ ነገር አለ፤ ተናጋሪው የእርስዎን ጥያቄ አያውቀውም። እኔ ያን የወባ ንግግር ቤቴ ሆኜ ብሰማው ኖሮ "አፍሪካ ውስጥ ቫይቫክስ ብዙም የለም" የሚለውን ሰምቼ፣ ተናድጄ፣ ዘግቼው ነበር የምተኛው። የአዳማውን አላነሳም፣ እሱም አያነሳውም፣ አብረውን የነበሩት ሰዎችም ጉዳዩን ሳይሰሙ ይሄዳሉ። ጥያቄው ከተነሳ በኋላ አንዲት ወጣት፣ የሕክምና ተማሪ ናት፣ መጥታ የመመረቂያ ሥራዋን በዚህ ላይ ልታደርገው እንደምትፈልግ ነገረችኝ። እኔ ያን ቀን ሥራ ጨርሼ ደክሞኝ ስለነበር ለመቅረት ጥቂት ነበር የቀረኝ።

ሁለተኛው ነገር ልጆቹ ናቸው። ልጅ አባቱን መሪ ይዞ ወይም ዕቃ ተሸክሞ ያየዋል። አባቱ ሰው በሞላበት አዳራሽ እጁን አውጥቶ፣ በራሱ አነጋገር ጠይቆ፣ ያ ትልቅ ሰው ደግሞ "ጥሩ ጥያቄ ነው" ብሎ አስቦ ሲመልስለት ማየቱ ሌላ ነው። የእኔ ትልቁ ልጅ እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለ ንግግሩ አይደለም፤ እኔ ስለጠየቅሁት ነው።

ፓርኪንግን በተመለከተ፣ ዱፖንት በመኪና አይሂዱ፣ በሜትሮ ነው። ኮሌጅ ፓርክም ሮክ ክሪክም የመኪና ማቆሚያ አይከፈልም። ቻንቲሊ ያለው የአየርና የጠፈር ሙዚየም ቅርንጫፍ፣ ዲስከቨሪ የምትባለው የጠፈር መንኮራኩር ያለችበት፣ መግቢያው ነፃ ቢሆንም ለመኪና ያስከፍላል፤ ያንን አውቀው ይሂዱ። ደለስ ኤርፖርት ሰው አድርሰው ሲመለሱ ግን መንገድዎ ላይ ነው።

ባልቲሞር

ስለ ባልቲሞር ማንም አላነሳም፤ እኔ ላንሳ። ጆንስ ሆፕኪንስ ግቢ ውስጥ፣ ሳን ማርቲን ድራይቭ ላይ፣ የጠፈር ቴሌስኮፕ ሳይንስ ተቋም አለ። ሀብልና ዌብ የሚባሉት የጠፈር ቴሌስኮፖች የት አቅጣጫ ምን ይመልከቱ ብሎ የሚያቅደው እሱ ነው። በወር አንድ ማታ፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ለሕዝብ ንግግር አላቸው። ነፃ ነው፤ በኢንተርኔትም ቀጥታ ይተላለፋል፣ ሾፌሩ ወንድማችን ይህን ልብ በል።

ዌብ የተተኮሰው በፈረንጆቹ ገና ቀን፣ ዲሴምበር 25, 2021 ነበር፤ በእኛ ታኅሣሥ 16 ቀን 2014። ከዚያ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ በፈረንጆቹ 2015ና 2016፣ እኔ ዴሊቨሪ እሠራ ስለነበር የባልቲሞር ዋሽንግተን ፓርክዌይን በቀን ስመላለስበት ነበር። የግሪንቤልትን መውጫ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የዌብ ትልቁ መስታወት፣ 18 ቁራጭ፣ አንድ ላይ ሲሆን 6.5 ሜትር ስፋት ያለው፣ የተገጣጠመው እዚያ የናሳ ጎዳርድ ማዕከል ውስጥ ነው። እኛ በጎኑ ዕቃ ጭነን ስናልፍ እዚያ ውስጥ ወርቅ የተቀባ መስታወት እያገጣጠሙ ነበር። አሁን ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው። ይህን ያወቅሁት እዚያ ንግግር ላይ ተቀምጬ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያንን መንገድ ሳልፍ ለልጆቼ ሳልነግራቸው አላልፍም።

መምህር፣ ማክሰኞ ሥራ እንዳለዎት ይገባኛል። ፈቃድ ካገኙ ግን ይምጡ።

የፊዚክስ መምህር

እግዚአብሔር ያክብራችሁ፣ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። ልጄ "ቡና"ን ሲሰማ ኤችዲ 16175 ብሎ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፎታል። የሚቀጥለው ወር 20ኛው ቀን ቅዳሜ ላይ ይውላል፣ ኮሌጅ ፓርክ እንሄዳለን።

እህቴ፣ ስለ ጥያቄው ያሉትን ሳስብበት ነበር። መጻፉን እጽፋለሁ። ንባብ ላይ ችግር የለብኝም፣ ፊዚክስ በእንግሊዝኛ ነው ያስተማርኩት። የሚከብደኝ ሰው በተሰበሰበበት በአፍ መናገሩ ነው፤ ሰዎቹ አነጋገሬን ላይሰሙት ይችላሉ ብዬ እሰጋለሁ። እርስዎ መጀመሪያ ላይ እንዴት አደረጉት?

የታኮማዋ

ከጻፍኩት ወረቀት ነው ያነበብኩት። ቆሜ፣ ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል። ማንም አልሳቀም። እነዚህ ስብሰባዎች ላይ ከየአገሩ የመጣ ሰው ነው ያለው፤ ተናጋሪዎቹም ግማሾቹ ከቻይና፣ ከሕንድ፣ ከጀርመን የመጡ ናቸው፣ አነጋገራቸው የየራሳቸው ነው። አጭር ያድርጉት፤ መጀመሪያ "ፊዚክስ መምህር ነበርኩ" ይበሉ፣ ከዚያ ጥያቄውን።

አሁን ደግሞ እኔ እርስዎን ልጠይቅ። እናቴ 78 ዓመቷ ነው፣ አብራኝ ነው የምትኖረው፣ እንግሊዝኛ አትችልም። አንድ ማታ ከንግግር ስመለስ የዌብን ፎቶ በስልኬ አሳየኋትና ይህ ብርሃን ከዚያ ከተነሳ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል አልኳት። ዝም ብላ አየችውና፣ "ታዲያ ኮከቧ አሁን አለች ወይስ ሞታለች? ማን ነው ሄዶ የሚያውቅ?" አለችኝ። የዚያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ ከተጠየቀው ሁሉ የእሷ ይበልጣል። ግን እሷ የምትጠይቅበት አዳራሽ የለም። ዲሲና ሜሪላንድ ውስጥ እንደ እሷ ያሉ፣ ቤት የልጅ ልጅ ሲጠብቁ የሚውሉ እናቶችና አባቶች ስንት ናቸው? ቤተ ክርስቲያንና ለቅሶ ቤት ካልሆነ በስተቀር የሚሰበሰቡበት የለም። ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት በአማርኛ የሚያስረዳ አንዳንዴ ይመጣል፣ እሱም ጥሩ ነው። ስለ ሰማይ፣ ስለ ብርሃን፣ ስለ ድንቅነሽ የሚነግራቸው ግን አላየሁም።

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለማኅበረሰብ ስብሰባ ክፍል ይፈቅዳል፤ አስቀድሞ መመዝገብ ነው። ክፍሉን እኔ እይዛለሁ። የግርዶሹን ነገር፣ ያቺን ካርቶንና የዛፏን ጥላ፣ ልክ እዚህ እንደጻፉት በአማርኛ ይነግሩን ነበር? አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ግማሹ ለጥያቄ።

የፊዚክስ መምህር

በደስታ ነው! እንዲያውም ከመናገር ማሳየት ይሻላል። ግርዶሽ ባይኖርም ነገሩን አዳራሽ ውስጥ መሥራት ይቻላል። ጠንካራ አምፖል ፊት ከጥቁር ካርቶን የማጭድ ቅርጽ ያለው ክፍተት ቆርጬ አኖራለሁ፣ ሌላ ካርቶን ላይ ደግሞ በመርፌ ብዙ ቀዳዳ እበሳለሁ፤ ግድግዳው ላይ በቀዳዳው ቁጥር ማጭድ ይወጣል፣ ሁሉም ተገልብጦ። ለምን እንደሚገለበጥ እናቶቹ ራሳቸው እንዲደርሱበት እፈልጋለሁ። ቀዳዳው ሦስት ማዕዘን ቢሆንም፣ ካሬ ቢሆንም የሚወጣው ያው ማጭድ ነው፤ ደሴ ተማሪዎቼ ይህን እስኪያዩት ድረስ አያምኑኝም ነበር። የሚያስፈልገኝ የሚጨልም ክፍልና ነጭ ግድግዳ ነው። የእናትዎን ጥያቄ ለእኔ ይተዉልኝ፤ እሱን በመጨረሻ አነሳዋለሁ፣ ረዘም ያለ ነው።

ኮሌጅ ፓርክ ተማሪ

ጋሼ፣ ካርቶኑን መቁረጥና ወንበር መደርደር ለእኔና ለጓደኞቼ ተዉልን። አምፖሉም ከእኔ። ለ20ው ግን ወፍራም ጃኬት ልበሱ፣ ልጁንም ኮፍያና ጓንት አልብሱት። ቴሌስኮፑ ያለበት ቤት ጣሪያው ስለሚከፈት ማሞቂያ የለውም፤ ውስጡም እንደ ደጁ ይበርዳል።

የማታ ሾፌር

የቤተ መጻሕፍቱ ቀን ሲቆረጥ እዚሁ ጻፉልኝ። መኪና የሌላቸውን እናቶች እኔ አመላልሳለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታኮማና ላንግሊ ፓርክ ያሉትን አድራሻቸውን በመልእክት ላኩልኝ፤ ከቀኑ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ከሆነ እመቻቻለሁ።

የታኮማዋ

ተባረክ ወንድሜ። ክፍሉን ነገ እጠይቃለሁ፤ ቀኑን እንዳወቅሁ እጽፋለሁ። መምህር፣ ለ20ው ከታኮማ በፈረንጅ 7 ሰዓት ተኩል ላይ እነሳለሁ። መንገዴ በሲልቨር ስፕሪንግ ሊሆን ይችላል፣ መኪናዬ ውስጥ ከእናቴ ሌላ ሦስት ቦታ አለ። እሷም ትመጣለች።